አባ አትምጣ ብለውሃል

ለምወድህ ወንድሜ ለዓለምነህ ጓንጉል፤ ካለህበት ሪያድ ይድረስህ።

እንደምን ከርመሃል፣ ወንድምዓለም? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ሲይዝህ ሲለቅህ የነበረው የወገብ ሕመም ተሻለህ? ሙቀቱ ከአሁኑ ጀምሯል ይላሉ፤ ሥራህ ደጅ ነው ወይስ ጥላ አገኘህ? አብረውህ የሚኖሩት የአገራችን ልጆችስ ደህና ናቸው? ኪዳነ ምሕረት በወጣህ በገባህበት ትጠብቅህ። እኔም ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ሁላችንም በሕይወት አለን ብዬ ልጀምር።

ከፋሲካ ወዲህ በስልክ ስንነጋገር ሁልጊዜ አባ አጠገቤ ናቸው። ድምፅህን ካልሰሙ አይሆንላቸውም። አንተ ስትጠይቀኝ እኔም «እየተሻላቸው ነው» እያልኩ አልፋለሁ። ብቻዬን ሆኜ ስደውል አንተ ሥራ ላይ ነህ፤ አንተ ስትደውል እኔ ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት ነኝ። ይህ ደግሞ በተቆራረጠ ወሬ የሚነገር አይደለም። ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልላክለት ብዬ ተቀመጥኩ። ብቻህን ስትሆን አንብበው።

አጀማመሩን በከፊል ታውቀዋለህ። ባለፈው መስከረም ምግብ ደረታቸው ላይ እየቆመ አስቸገራቸው። ጨጓራ ነው አልን። እናታችን ተልባ እየበጠበጠች ታጠጣቸው ነበር፤ እሳቸውም ጠበል ገብተው ሰነበቱ። ቅዳሴ ግን አላቋረጡም። ልብሰ ተክህኖው ሰፍቷቸው ትከሻቸው ላይ ሲንሸራተት ሕዝቡ እያየ ይሳቀቅ ጀመር። ከዚያ ነው ደሃና ድረስ ሄጄ፣ ተጨቃጭቄ፣ ሰቆጣ እኔ ቤት ያመጣኋቸው። የሰቆጣው ሐኪም ሆዳቸውን ዳስሶ ወደ ደሴ ላከን። ደሴ በጉሮሯቸው ካሜራ አስገብተው ከጨጓራቸው መግቢያ ላይ ናሙና ወሰዱ። ካንሰር ሆነ።

ያን ቀን ስነግርህ ያልከኝን ታስታውሳለህ። «ለአባ እንዳትነግሪያቸው፤ በሽታው ሳይሆን ስሙ ይገድላቸዋል» አልከኝ። እናታችንም እንዳንተው አለች። ዶክተር ሊድያ የምትባለዋን የካንሰር ሐኪም ኮሪደር ላይ ይዤ ለመንኳት። እሷም «ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ፤ ከጠየቁኝ ግን አልዋሻቸውም» አለችኝ። ለአባ የጨጓራ ቁስል ነው፣ መድኃኒቱ በደም ሥር ነው የሚሰጠው አልናቸው። እሳቸውም «እሺ» ብቻ አሉ።

የሐኪሞቹ ሐሳብ እብጠቱን መጀመሪያ በኬሞ ማኮማተር፣ ከተኮማተረ በኋላ በቀዶ ጥገና ማውጣት ነበር። ታኅሣሥ ላይ ጀመሩ። ከሰቆጣ በወልድያ በኩል ደሴ መመላለሱ ራሱ ለጤነኛም ከባድ ነው፤ አባ በመንገዱ ላይ አንድም ቀን አላማረሩም። መድኃኒቱ ግን ሌላ ሰው አደረጋቸው። ከገባላቸው በኋላ ቀዝቃዛ ነገር ሁሉ እንደ መርፌ ይወጋቸዋል። ውሃ ካልሞቀ ጉሮሯቸውን ይዘጋቸዋል። ጠዋት የእጅ መስቀላቸውን ሲያነሱ ብረቱ ጣታቸውን ስለሚያቃጥላቸው በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ይይዙታል። ጎረቤት ሊሳለም ሲመጣ እንዳያፍር ጨርቁን ገለጥ ያደርጉለትና ጥርሳቸውን ነክሰው ያሳልሙታል። ትውከቱን አልነግርህም።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ደማቸው አንሷል፣ እንቁላልና ወተት ካልወሰዱ ቀጣዩን ዙር አይችሉትም ተባልን። አባ «ሕዝቡን ጹሙ እያልኩ ያረጀሁ ሰውዬ በሁዳዴ እንቁላል ልብላ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናታችን ለመነች፣ እኔም ለመንኩ። በመጨረሻ የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ አምላክ ወሬውን ሰምተው ከአምደወርቅ በሚኒባስ መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ «ጓንጉል፣ አንተ ስንቱን በሽተኛ ከጾም ፈትተሃል? ለእነሱ የፈቀደ አምላክ ላንተ ሲሆን የሚጨክን መሰለህ?» አሏቸው። ከዚያ የተቀቀለውን እንቁላል ከእኔ ተቀብለው፣ በራሳቸው እጅ ልጠው፣ ጨው ነስንሰው አቀረቡላቸው። አባ እያለቀሱ በሉት። ዓለምነህ፣ አባ ሲያለቅሱ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም ነበር።

ሆስፒታል ከተዋወቅናቸው ሰዎች ሁለቱን ልንገርህ፤ አባ ነገሩን የተረዱት ከእነሱ ይመስለኛል። አንደኛው ኪዳኑ የሚባል የፃግብጂ ገበሬ ነው፤ ካንተ እድሜ አይበልጥም። አንጀቱ ላይ የነበረው ካንሰር እስኪስፋፋ ድረስ ኪንታሮት ነው እያለ ቤቱ ተቀምጦ ኖሯል። ሁለተኛውን ዙር ወስዶ ሄደ፤ በሦስተኛው አልጋው ላይ ሌላ ሰው አገኘን። ሁለተኛዋ ፍቅርአዲስ ናት፤ የወልድያ ነጋዴ። የእሷም አንጀት ላይ ነበር፤ ግን ቶሎ ስለተገኘ ቆርጠው አወጡላት፣ ኬሞውንም ጨረሰች። አሁን ከዓመታት በኋላ ለክትትል ብቻ ነው የምትመጣው። ወፍራም ናት፣ ሳቋ ከዋርዱ ጫፍ ይሰማል። አባ እሷን ባዩ ቁጥር ደስ ይላቸው ነበር። አንድ ቀን ግን ስትሄድ በዓይናቸው ሸኝተዋት «የእሷና የእኔ አንድ አይደለም አይደል?» አሉኝ። ምግብ ላምጣ ብዬ ወጣሁ።

መጋቢት ላይ መንገዱ ተዘግቶ አንድ ዙር አመለጠን። ነገሩ የከፋው በዚህ ይሁን አይሁን ዶክተር ሊድያም አላወቀችም፤ ይህ በሽታ መድኃኒቱን ሳያጓድል ለሚወስድም አንዳንዴ እሺ አይልም አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሡ ጨጓራው ላይ ያለው ትንሽ ቀንሷል፤ ጉበታቸው ላይ ግን አዲስ ነገር ታየ። ከዚህ በኋላ ቀዶ ጥገና አይረዳቸውም። ሕንድ ስለመሄድ የነገርከኝንም ጠየቅኳት። ጉበት ከደረሰ እዚያም የሚሰጡት መድኃኒት ነው እንጂ ቆርጠው አያድኗቸውም አለችኝ። ይህንንም በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም።

ይህን ኮሪደር ላይ ነግራኝ ወደ ክፍል ስንገባ አባ ተነሥተው ቁጭ ብለዋል። ዶክተሯን «ልጄ፣ እስኪ እዚህ ተቀመጪ» አሏት። ከዚያ «እኔ የሰው ኑዛዜ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት። ሰው ሲሸፍን ድምፁን አውቃለሁ፤ ልጆቼ ከኅዳር ጀምሮ እየሸፈኑኝ ነው። ካንሰር ነው አይደል?» አሏት። እሷም ቃሏን ጠበቀች፤ «አዎ፣ አባቴ» አለቻቸው። እኔ የመስኮቱን ብረት ይዤ ቆሜያለሁ። ምን ያህል እንደቀራቸው ጠየቋት። «ቀን ቆጥሬ መስጠት አልችልም። ያለ መድኃኒት ወራት ነው። አዲሱ መድኃኒት ከተስማማዎት ዓመት ሊሞላ ይችላል፤ ከዚያ የሚያልፉ አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው» አለች። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነበር፤ ይጮሃሉ፣ ይወድቃሉ፣ እኛን ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው የጠየቁት «ትውከቱ የሚታገስበት ቀን ይኖራል?» ብለው ነው።

ከጥር ጀምሮ አልቆረቡም፣ ዓለምነህ። ሥጋ ወደሙን ተቀብለው ቢያስመልሳቸውስ ብለው ፈርተው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሌላው ሲያቀብሉ የኖሩ ሰው በሽታው ከዚህ ከልክሏቸው ለማንም ሳይናገሩ ተቀምጠዋል። ለዶክተሯ ይህንን ሲያስረዷት አፍረው አቀረቀሩ። እሷም አልሳቀችም፤ የቀን መቁጠሪያዋን አውጥታ አብራቸው አየች። አዲሱን መድኃኒት ከግንቦት ኪዳነ ምሕረት በኋላ ልጀምርልዎት አለች፤ የትውከት ማስታገሻም ጨምራ አዘዘችላቸው።

ለግንቦት ዐሥራ ስድስት ለመድረስ ቀደም ብለን ወደ አገር ቤት፣ ወደ ደሃና ሄድን። ከአምደወርቅ በኋላ ያለውን መንገድ በበቅሎ ነው የሄዱት፤ ሰዎች ከግራ ከቀኝ ደግፈዋቸዋል። ቄስ ገብረ አምላክ ቀደሱ። አባን ቤተ መቅደስ ግቡ ቢሏቸው «ዛሬ አገልጋይ አይደለሁም» ብለው ከሕመምተኞች ጋር ቆሙ፤ ሲደክማቸው ተቀመጡ። ሲቀበሉ አየሁ። ጠበሉን ጠጡ፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናታችን ሲጨንቃት እንደምታውቃት በአፍ መፍቻዋ በኽምጣኛ ታንሾካሹካለች። እኔ ከጉሮሯቸው ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። አንድ ጊዜ ደረታቸው ተነሣ፤ መቋሚያቸውን ጨበጡ፤ ግንባራቸው ላብ አወጣ። አሁን ነው ብዬ ጠጋ አልኳቸው። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና ዓይናቸውን ገለጡ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ አልተነቃነቁም። አላስመለሳቸውም፣ ወንድሜ። በማግሥቱም አላስመለሳቸውም።

ወደ ሰቆጣ ከተመለስን በኋላ የወሰኑትን ነገሩኝ። አዲሱን መድኃኒት ይጀምራሉ፤ ቁጭ ብለው እስከጸለዩና ከሰው ጋር እስከበሉ ድረስ ይቀጥላሉ፤ አልጋ ላይ ከጣላቸው ግን ደሴ ድረስ አታንገላቱኝ ብለዋል። እናታችን ይህን ስትሰማ ወጥታ ሄደች። እኔም ልስማማ አልቻልኩም፤ ልቃወማቸውም አልቻልኩም።

ስላንተም ተናገሩ። «ዓለምነህ እንዳይመጣ። ወረቀት የለውም፤ ከወጣ አይመለስም። አባትህ ደህና ነው ብለሽ ጻፊለት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ አሻራ ሰጥተህ ከወጣህ ያ በር እንደሚዘጋብህ አውቃለሁ። እስከዛሬ የታከሙትም አንተ እዚያ ሆነህ በምትልከው ገንዘብ ነው። ቢሆንም እዚህ ተቀምጬ የማየውን ካልነገርኩህ እኅትህ አይደለሁም። አሁን ይራመዳሉ፣ ይቀልዳሉ፣ በር ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ያሳልማሉ። ክረምቱ ሲያልፍ እንዲህ ይሆናሉ ብዬ መማል አልችልም። ብትመጣ የሚጎድለውን ሁሉ እኔ አልሸፍነውም፤ ባትመጣም አልፈርድብህም፣ ማንም እንዲፈርድብህ አልፈቅድም። ግን ምን ላድርግ ብለህ ከጠየቅኸኝ መልሴ ና ነው። ኬሞው የሰጣቸውን ጊዜ አብረኸን ተካፈል።

እናታችን ጸሐይነሽ አገላብጣ ስማሃለች፤ ብርድ እንዳይመታህ ትላለች፣ ያለህበት አገር ሙቀት መሆኑን ስንቴ ብነግራት አትሰማም። ባለቤቴ ተስፋው ሰላም ብሎሃል፤ ደሴ ያመላለሰን እሱ ነው። ልጄ ኤደን አጎቴ ፎቶህን ላክ ብላለች፤ አድጋለች፣ አታውቃትም። ቄስ ገብረ አምላክም በጸሎት እንደሚያስቡህ ንገሪው ብለውኛል።

አባ በረንዳው ላይ ናቸው። አሁን ይህን ስጽፍ «አትምጣ ማለቴን ጽፈሽለታል?» ብለው ጠየቁኝ። ጽፌዋለሁ አልኳቸው። ወደ መንገዱ ተመለከቱና «ታዲያ መቼ ይደርሰዋል?» አሉ።

እኅትህ ዘመናይ ጓንጉል

ሰቆጣ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.