ለኩሮሱጊ ከተማ ከንቲባ፦ በማርች ወር ስለተቆረጠው ዝግባ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ኢሶጋይ
የኩሮሱጊ ከተማ ከንቲባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና መላው የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች በመልካም ጤንነት ላይ እንደምትገኙ፣ ዓይናችሁ እንደማያሳክክ፣ አፍንጫችሁም ቢያንስ በአንደኛው ቀዳዳ በኩል አየር እንደሚያስገባ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽዎ አልደፍርም። ይህን የምጽፍልዎ በግራ እጄ ሶፍት ይዤ ነው፤ ወረቀቱ ላይ እርጥበት ካዩ እንባ ነው ብለው እንዳይጨነቁ፤ ወይም እንባ ቢሆንም የዝግባ ብናኝ ያመጣው እንባ ነው፣ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ሲወርድ የኖረ።

እኔ ከተራራው ሥር ባለው የከተማው የኪራይ ቤት የምኖር ኦኩዳይራ ሂሳኮ የተባልኩ አሮጊት ነኝ። ከባለቤቴ ከሾይቺና አዙኪ ከሚባል ቀይ ውሻችን ጋር እኖራለሁ። ሾይቺ በጎረምሳነቱ፣ ከእርስዎ ብዙ ዓመት ቀደም ብለው የነበሩ ከንቲባ «አገር በእንጨት ይገነባል» ብለው ባወጁት ዘመቻ፣ ያንን ተራራ እኛ ሱጊ የምንለውን ዝግባ ካለበሱት ሰዎች አንዱ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ነገር ይረሳል። የራሳችንን በር ከጎረቤት በር መለየት ካቆመም ሰንብቷል። ይሁንና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከአዙኪ ጋር ይወጣል፤ ሰው ቢያይ ሽማግሌው ውሻውን የሚያንሸራሽረው ይመስለዋል እንጂ ዳገቱን ይዞት የሚወጣውም፣ ዞሮ ዞሮ ቤቱ የሚመልሰውም ውሻው ነው። አዙኪ ደህና እስከሆነ ድረስ ባሌ እቤቱ ይገባል። እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ ከዚህ የበለጠ ከማንም ለምኜ አላውቅም ነበር።

ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ለከተማችን ምልክት ይሆን ዘንድ ስለፈጠሩልን ፉዋሪ ስለተባለው ቢጫ ድቡልቡል አሻንጉሊት አመሰግናለሁ። ሰው ውስጡ ገብቶ በየገበያው የሚያወዛውዘው ይህ በዝግባ አበባ ብናኝ አምሳል የተሠራ ድቡልቡል፣ ፊቱ ላይ ትልቅ ፈገግታ ተስሎበት፣ የእርስዎ ፎቶ የታተመበትን ሶፍት ለአላፊ አግዳሚው ያድላል። የሚያሳምመንን ነገር አቅፈን ፎቶ እንድንነሳ ያደረገ ከንቲባ ከእርስዎ በፊት አልነበረም። ሶፍቱ ግን ስስ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለቴ ከተናፈጡበት የእርስዎ ፊት መዳፍ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛ፣ በየመብራት ምሰሶው ስለተሰቀለው የከተማው ድምፅ ማጉያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጠዋት ጠዋት የዚያች ጨዋ ወይዘሮ ድምፅ «ዛሬ ብናኙ እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ መስኮት ዝጉ፣ ልብስ ውጭ አታስጡ፣ ውሾቻችሁንም አልብሳችሁ አውጡ» ሲል እንሰማለን፤ እኛም ታዛዦች ነንና እንዘጋለን፣ እናለብሳለን። ክቡርነትዎ የአዙኪን ነገር አያውቁምና ልንገርዎ። ሰው ላይ አፍንጫና ዓይን የሚያጠቃው ነገር ውሻ ላይ ቆዳ ነው የሚይዘው፤ ሆዱ ሥር ቀይ ይሆናል፣ መዳፉን እስኪላጥ ይልሳል፣ ጆሮውን ወለል ላይ እያሸ ሲያለቅስ ያድራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሽርሽር በኋላ ደጃፍ ላይ ቆሜ የሾይቺን ካፖርት አራግፋለሁ፣ የአዙኪን ጸጉር አበጥራለሁ፣ አራቱን መዳፎች በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ሆዱን በለብታ ውኃ አጥባለሁ። ከዚያ በኋላ እኔ አስነጥሳለሁ። ልብሳችን ሁሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ስለሚሰጣ፣ እጄን ለመታጠብ በባሌ የውስጥ ሱሪዎች መካከል አጎንብሼ ነው የማልፈው። ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ። እንዲያው ዝም ብሎ ደክሞኛል።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ ላመለክት ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። የጤና ክፍሉ ሰው በጣም ትሑት ነበር፤ «እናቴ፣ የዛፍ ነገር እኮ ደን ክፍል ነው» አለኝ። ደን ክፍል ስደርስ «ማስነጠስ የጤና ጉዳይ ነው፣ ተሳስተው ነው የመጡት» ተባልኩ። ስለ ውሻው ብጠይቅ ሦስተኛ ፎቅ ውሾች የሚመዘገቡበት መስኮት ላኩኝ።

«ሰው ነክሷል እንዴ?» አለችኝ ልጅቷ።

«ኧረ የለም፤ እከክ ነው የያዘው።»

«ካልነከሰ እንግዲህ እኛ ጋ አይደለም፣ እናቴ። ከነከሰ ይምጡ።»

ወደ ቤት ስመለስ አዙኪን እያየሁ፣ አንድ ሰው ብትነክስልኝ ኖሮ ዛሬ ጉዳያችን ያልቅ ነበር ብዬ አሰብኩ። ማንን እንደሚነክስልኝም አልጠፋኝም ነበር።

ሦስተኛ፣ ለዓመታት «እያጤንነው ነው» ሲሉን የኖሩትን ዝግባ የመቁረጥ ሥራ በዘንድሮው ማርች ስለጀመሩልን አመሰግናለሁ። ዛፉ ብናኙን የሚበትነው በፌብሩዋሪና በማርች ነው፤ በመከር ጊዜ ቢቆረጥ ትንፍሽ አይልም። ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ማስክ አድርጎ የሚማር የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ደግነቱ የደን ክፍልዎ ወጣት እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ «እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? የበጀት ዓመቱ በማርች መጨረሻ ይዘጋል። እስከዚያ ካልተቆረጠ በጀቱ ተመላሽ ነው፣ ለከርሞም አይሰጡንም። እኔም እኮ አለርጂ አለብኝ፤ ዓይኔን አያዩትም?» አየሁት። የእሱ ዓይን ከእኔም የባሰ ነበር፤ አንጀቴን በላው። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን የዓይን ጠብታ ሰጥቼው ወጣሁ።

መጋዙ መጮህ ከጀመረ በኋላ የሆነውን ለመናገር ቃል ያንሰኛል። አንድ ዛፍ በወደቀ ቁጥር ቢጫ ደመና እየተነሳ ወደ ሸለቋችን ወረደ። መኪናውም፣ ጣሪያውም፣ የድንጋዩ የቡድሃ ሐውልት ራስም ቢጫ ሆነ፤ ሰው የተባለ ሁሉ ማስክ፣ ዓይንን የሚከድን መነጽርና ኮፍያ አድርጎ ይሄድ ጀመር። አዙኪ በሦስተኛው ሳምንት ዓይኖቹ አብጠው ተደፈኑ፣ አፍንጫው እንደ ሰው ይንጠባጠብ ጀመር፣ ሆዱም ደማ። የእንስሳት ሐኪሟ ቁስሉን እንዳይልስ አንገቱ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሰፊ ፕላስቲክ አሰረችለትና «የአዙኪ እናት፣ በሞቴ ይህን ሳምንት ከቤት እንዳይወጣ፤ ይህ አየር ለእሱ መርዝ ነው» አለችኝ። እኔም ታዘዝኩ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሾይቺ እንደ ልማዱ ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆመ።

«አዙኪስ?» አለኝ።

«ታሟል፤ ዛሬ አትወጡም።»

«እሺ» አለ። እሺ ስላለ አመንኩትና ልብስ ላሰጣ ገባሁ። ስመለስ ባሌም የለ፣ ኮፍያውም የለ።

አራተኛ ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ስደውል እውነት ለመናገር ወዲያው ነው የተነሱልኝ። ያቺ ጨዋ ወይዘሮ በየምሰሶው መናገር ጀመረች፦ «ኦኩዳይራ ሾይቺ የተባሉ የሰባ ዘጠኝ ዓመት አዛውንት ጠፍተዋል። ነጭ ማስክ፣ የብናኝ መከላከያ መነጽርና ኮፍያ አድርገዋል። ያያችሁ እባካችሁ አሳውቁን።» ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀን በኩሮሱጊ ነጭ ማስክ፣ መነጽርና ኮፍያ ያላደረገ ሽማግሌ ማን ነበር? ውሻውን ከነጃንጥላው ይዤ ወጣሁ። አዙኪ መሬቱን ለማሽተት ባጎነበሰ ቁጥር ጃንጥላው አስፋልቱን እየመታ ይመልሰዋል፤ ቢደርስስ በዚያ በተደፈነ አፍንጫ ምን ሊያሸት? ከኋላ ሾይቺን የመሰለ ሰው ባየሁ ቁጥር እጁን እይዝ ነበር። አንደኛው የአውቶቡስ ተጠባባቂ «ወይዘሮ፣ እኔ የጠፋሁ እመስላለሁ?» ብሎ ተቆጣኝ። ሌላኛው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ «እትዬ ሂሳኮ! እኔ ነኝ እኮ፣ ቶፉ የምሸጥልሽ! ነይ በቃ፣ እኔ በወንዙ በኩል ልፈልግልሽ» አለኝና የአኩሪ አተር አይብ የሚሸጥበትን ጋሪውን ጥሎ ሄደ። እግዜር ይስጠው።

የቀረውን የሰማሁት በኋላ፣ በበዓልዎ ላይ ከነበሩ ሰዎች ነው። በዚያው ሰዓት እርስዎ ተራራው ላይ፣ በተቆረጠው ደን መካከል፣ የሥራውን መጠናቀቅ የሚያበስረውን ሪባን ለመቁረጥ መድረክ ላይ ነበሩ። የቀድሞ ዛፍ ተካዮችን ወክለው የተጋበዙት አዛውንት አለርጂ ጥሏቸው ስለቀሩ ወንበራቸው ባዶ ነበር። ሾይቺ እግሩ እንዳስለመደው ዳገቱን ወጥቶ ብቅ ሲል፣ ከአስተናጋጆችዎ አንዱ «አባባ፣ እኛ እኮ እርስዎን ነው የምንጠብቀው!» ብሎ ደረቱ ላይ አበባ ሰካለት፣ ሪባኑን አብሮዎት እንዲቆርጥ ነጭ ጓንት አጠለቀለትና ከጎንዎ አስቀመጠው። ንግግርዎን ጀምረው ሦስቴ እንዳስነጠሱ ተነግሮኛል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲያስነጥስ የሆነ ቦታ ስሙ እየተነሳ ነው ይባላልና፣ በዚያ ቀን በከተማዋ ምን ያህል ሰው እርስዎን እያነሳ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ከዚያ ድምፅ ማጉያው፣ ከመድረኩ አጠገብ ያለው የራስዎ ድምፅ ማጉያ፣ ባሌ መጥፋቱን ተናገረ። እርስዎም ንግግርዎን አቁመው፣ በአክብሮት ራስዎን ዝቅ አድርገው አዳመጡና «ወገኖቼ፣ ሁላችንም ዓይናችንን ከፍተን እኚህን አባት እንፈልጋቸው» አሉ። ሕዝቡ ግራ ቀኝ ተመለከተ። ሾይቺም ከወንበሩ ተነስቶ ዙሪያውን ይፈልግ ነበር አሉ።

በዓሉ ሲያበቃ መኪኖቹ ሄዱ፣ ወንበሮቹ ተጫኑ፣ ፉዋሪም ራሱን አውልቆ ሄደ። ባሌ ግን የመጣበት መኪና አልነበረውምና የሚወስደው አልተገኘም። እኔ ከተራራው ሥር የደረስኩት ብርሃኑ ሊሄድ ሲል ነው። አዙኪ ድንገት ቆመ፤ ጃንጥላውን ወደ ላይ አዞረ። ከዚያ እኔም ሰማሁት፦ ሾይቺ ከላይ ያስነጥስ ነበር። እሱ ሲያስነጥስ መጨረሻው ላይ እንደ ማጉረምረም ያለ ነገር ይጨምርበታል፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት አታድርገው ስለው የኖርኩት ነው። ውሻው ገመዱን ከእጄ አስለቅቆ ዳገቱን ሮጠ። ስለዚህ ባሌን ያገኘልኝ የእርስዎ ብናኝ ነው፤ ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ቀልድ የለበትም።

ጉቶ ላይ ተቀምጦ ደረቱ እየጮኸ፣ ትንፋሽ እያጠረው አገኘሁት። ማስኩን አውልቆ አዙኪን ያቅፍ ነበር። «ሂሳኮ፣ መንገድ ተሳስቻለሁ መሰለኝ» አለኝ። «እዚህ እኮ ጫካ ነበር።»

«ነበር» አልኩት። ተንበርክኬ ጓንቱን ከእጁ አወለቅሁለት።

አሁን ከሐኪም ቤት ወጥቷል። የጤና ክፍልዎ ግን ደውሎ፣ ይህ ሰው ከእንግዲህ እቤት መኖሩ አደገኛ ስለሆነ ወደ አረጋውያን መጠለያ ቢገባ ይሻላል፣ ውሻም እዚያ አይፈቀድም አለኝ። ለደህንነቱ ሲባል ነው አሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ብዬ በትሕትና እለምናለሁ፦ ባሌ ለብዙ ዓመታት ከአዙኪ ጋር ወጥቶ አንድም ቀን ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም። የጎደለው የውሻው ጤና ነው። የተራራው ሌላኛው ገጽ በመጪው ማርች እንደሚቆረጥ ሰምቻለሁ፤ እባክዎን በመከር ያድርጉት። በጀቱ እንቢ ካለ፣ ውሻዬንና ባሌን ይዤ መጥቼ በጀቱን ራሴ እለምነዋለሁ፤ የሚቀመጥበትን ፎቅ ብቻ ይንገሩኝ። ባሌን ግን አልሰጥም።

በዚህ ረጅም ደብዳቤ ክቡር ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በሥራዎ ሁሉ ስኬትን፣ ለአፍንጫዎም ዕረፍትን እመኛለሁ።

ምንጊዜም ታዛዥዎ፣ መስኮቷን ዘግታ የምትኖረው
ኦኩዳይራ ሂሳኮ

ግልባጭ፦
ለጤና ክፍል (ለዛፉ ጉዳይ)
ለደን ክፍል (ለማስነጠሱ ጉዳይ)
ለውሾች መዝገብ መስኮት (እስካሁን ማንንም አልነከሰም)

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ የከተማዎ ወርኃዊ መጽሔት ደረሰኝ። በፊት ገጹ ላይ ሪባኑን ሲቆርጡ የተነሳውን ፎቶ አየሁ፤ ሁለታችሁም አምሮባችኋል። ከሥሩ «ከንቲባ ኢሶጋይ ከአንድ ነዋሪ ጋር» ይላል። ስሙ ኦኩዳይራ ሾይቺ ነው። ይህ ፎቶ በተነሳበት ቀን፣ ስሙ በድምፅ ማጉያው ሲጠራ እርስዎም ይሰሙ ነበር።