የፏፏቴው መንገድ

ይድረስ ለወንድሜ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ይግባልህ። ጤናህስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

እሁድ ለት እማዬን ደጋው ላይ ፏፏቴው ወዳለበት ፓርክ ወሰድኳት። ልጆች ሳለን በወንዙ ዳር ቀድማን እየሮጠች "እናንተ ኤሊዎች!" ትለን የነበረችው እናታችን፣ አሁን በየድንጋዩ ቁጭ ትላለች። "ጫማው ነው" አለችኝ። ጫማውን የሸጠላትን ሰውዬ ስረግም ዋልኩ። የፓርኩ ጥበቃ ላይም "ለእናት የሚሆን አንድ አግዳሚ ወንበር አጣችሁ?" ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን የእማዬን ጠቆር ያለ ከንፈር አየና፣ "እህቴ፣ ከወንበሩ መኪና ብጠራላችሁ አይሻልም?" አለኝ።

"ማን ጠየቀህ!" አልኩት።

እማዬ እጄን ያዝ አደረገችኝ። "ተይው ልጄ፤ የውሃው ድምፅ ከዚህም ይሰማል።" ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ "ለወንድምሽ እስከ ፏፏቴው ወጣች ብለሽ ጻፊለት" አለችኝ።

አልወጣችም። ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄደችም።

አንተ ደግሞ በደወልክ ቁጥር "ለከርሞ እመጣለሁ" ትላለህ። ከርሞ የሚባል ነገር ከአፍህ እንዳልሰማ! ዕቃህን ሸክፍና ና።

መንገድህን ያቅናልህ፤ ዓይንህን በቶሎ ያሳየን።

የተቆጣችው እህትህ