አበባየሆሽ ከእራት ወንበር ጀርባ

ነሐሴ 21

እትዬ ዘነበች ከሆስፒታል ወጡ፣ ተመስገን። ዳሌያቸው ብረት ገብቶበታል። ልጃቸው ኢንግልዉድ ካለው ሆስፒታል ድራይቭ አድርጎ አመጣቸው፣ ምራታቸው አጥሚት ይዛ ጠበቀች። እኔም ጎረቤት ነኝና ከሥራ መልስ ገባ አልኩ። እሳቸው ስለ ዳሌያቸው መች አወሩ! የሚያስጨንቃቸው የአዲስ ዓመቱ አበባየሆሽ ነው። ዘንድሮ ሴት ልጆቹን ይዞ የሰፈራችንን የፌርፋክስን የአበሻ በር ሁሉ ማን ያንኳኳ? ዓይናቸው እኔ ላይ። አጥሚቱን ላሙቅ ብዬ ተነሣሁ። ፈሪ መሆኔን ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ።

ነሐሴ 24

የማበስልበት ምግብ ቤት ባለቤት ሰሎሞን ጓሮውን እራት የሚበላበት ጋርደን አደረገው። ዛሬ ደግሞ ግድግዳ የሚያህል ሥዕል ሰቀለ፣ የድሮ እንግሊዝ ሥዕል ኮፒ። ወተት ሻጭ ሴቶች ይጨፍራሉ። አንድ ወንድ የብር ሳህን ከነአበባው ቆልሎ በራሱ ተሸክሟል። ቫዮሊን መቺው አንድ እግሩ እንጨት። በዓመት አንዴ እንዲህ የደንበኛ ደጅ እየዞሩ ጨፍረው ይሸለሙ ነበር አለኝ። ውይ ደስ ሲል! የኛው አበባየሆሽ።

ቆይ፣ ወሬው አላለቀም። ሥዕሉ የተሠራው ለንደን ለነበረ መዝናኛ ጋርደን ነው፣ እራት ከሚበሉት ጀርባ እንዲሰቀል። ስለዚህ የኛም ልጆች ዘንድሮ እዚሁ ይጨፍሩ፣ በቲኬት፤ በር ለበር መዞር ቀረ። ለእትዬም ዕረፍት ነው ይላል። ዕረፍት!

ነሐሴ 25

እንቅልፍ የለም፣ ንዴት ብቻ። እኔ ጴንጤ፣ እትዬ ኦርቶዶክስ። እዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ በሬን ያንኳኩት እኮ እሳቸው ናቸው፣ ከበሮ ይዘው፣ ልጆች አስከትለው። ቢጫ አበባ ሰጡኝ። በቲኬት ቢሆን ማን ያውቀኝ ነበር?

ጳጉሜን 2

ለሰሎሞን ነገርኩት። ሥዕሉን እይ፣ ሴቶቹ የሚጨፍሩት እዚያው ሥዕሉ ውስጥ ወዳለው በር ዞረው ነው፤ ያ በር ግን ቀለም ነው፣ ማንም አይከፍተውም፤ ከሥዕሉ ፊት እራት የሚበላው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ዶሮውን ይግጣል አልኩት። ሳቀብኝ።

«እህቴ፣ ምግብ አብሳይ ነሽ ወይስ የሥዕል አስተማሪ?»

«አንተ ልጅ፣ ጀርባውን ለሰጠህ ሰው አበባ ይሰጣል?»

ስልኩን ማየት ጀመረ። ሽንኩርቱን እንደ ጠላት ከተፍኩት።

ጳጉሜን 5

በእትዬ ፈንታ ልጆቹን በር ለበር ይዤ እዞራለሁ ብዬ ለእናቶቻቸው ስለደወልኩ ቤቴ ሰው በሰው ሆኖ ዋለ። የማርታ እናት መጣች፣ ጋርደኑ ይሻላል፣ መኪና የለበትም አለች። እውነቷን ነው፣ ግን ልቤ አልተቀበለም። የቤቲ እናት ልጄ ካንቺ ጋር ትሄዳለች፣ እኔም ከኋላ እከተላለሁ አለች። ማርታ እኔም እዞራለሁ ብላ እናቷን አኮረፈቻት። በመጨረሻ የእትዬ ልጅ ከበሮውን ይዞ መጣ። እናቴ «ድምፅሽ እንደሆን ጎርናና ነው፣ ከበሮው ይሸፍንልሻል» ብላለች አለኝ። ሳቄ ከእንባዬ ተደባለቀ።

ለሰሎሞን ነገ ሥራ አልገባም ብዬ ደወልኩ። አኩርፏል፣ ያኩርፍ። የመጀመሪያው በር የእትዬ ዘነበች ነው። ሁለተኛው የሰሎሞን ምግብ ቤት፣ በፊት ለፊት እንጂ በጓሮ አይደለም።