እማማ ማርጋሬትን ልናረዳ የሄድን ዕለት

ዓለሜ፣ የልቤ ሰው፣

ከተለየኸኝ ይኸው ዓመት አለፈ። ሙት ዓመትህን ዘክረናል፤ ድግሱም አላሳፈረህም። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፓርክዴል ያለው ቤታችን ያው ነው፣ ሊፍቱም እንደተበላሸ ነው። የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ግን ቀየርኩት። ያንን ቡኒ መጋረጃ ካንተ በቀር የሚወደው አልነበረም። አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ አላድርም፤ አጥራቸውን ትከረክምላቸው ለነበሩት ለእማማ ማርጋሬት ሞትህን አረዳናቸው። እፎይ ብያለሁ።

አንተ ስታርፍ እሳቸው በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እንደወጡ ደውለው አንተን ጠየቁኝ። ብቻቸውን ለሚኖሩ፣ ልባቸው ለታመመ አሮጊት መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? ሀገር ቤት ሄዷል አልኳቸው። ደርግ ከወደቀ ወዲህ ሰው ሁሉ ስለሚመላለስ ውሸቱ የሚያስጠረጥር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ይደውላሉ። እኔም እናቱ አልለቅ ብለውት ነው፣ ቤት እያሠራ ነው እያልኩ እቀጥላለሁ። አንድ ቀን ከሌላ ሰው ሰምተው በእኔ ጦስ ልባቸው ቢቆምስ እያልኩ ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም።

በመጨረሻ እሳቸው ሰፈር የአትክልተኝነት ሥራ ያስገቡህ ጋሽ ተሰማ፣ በቃ፣ እንደ ወጋችን ማልደን ሄደን እናርዳቸው አሉኝ። ጎህ ሲቀድ ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ በስትሪትካር፣ በዚያ በከተማው ባቡር፣ ወደ ምሥራቅ ሄድን።

አትክልቱን ትንከባከብበት የነበረው ሰፈር እንዳለ አለ። የጡብ ቤቶቹ የየግቢውን ሣር ከበው ቆመዋል። የእንጨት በረንዳዎቹ፣ ትናንሽ መስኮቶቹ፣ አረንጓዴዎቹ በሮች አልተነኩም። ሠራተኛው ሕዝብ አየርና አትክልት እንዲያገኝ ተብሎ ጥንት የተሠራ ነው፣ ቅርስ ስለሆነ ያለ ፈቃድ ሚስማር አይመታበትም እያልክ ስታስጎበኘኝ ትዝ አለኝ። ሰው ቢያይህ የግቢው ባለቤት እንጂ አጥር ከርካሚ አትመስልም ነበር! የቁጥቋጦውን አጥር ሳየው ግን ቆም አልኩ። ከእማማ ማርጋሬት መስኮት ፊት፣ ተቀምጠው መንገዱን እንዲያዩ ብለህ ዝቅ አድርገህ የከረከምከው ቦታ ዛሬም ዝቅ ብሏል።

ደርሰን ማንኳኳት አፈርን። በእኛ ደንብ ጎረቤቱ ቀድሞ ይሰማል፣ ሰው ይሰበሰባል። እዚህ ማን ዘንድ ይኬዳል? ግቢው መሐል ያለው አግዳሚ ላይ ነጠላችንን እንዳዘቀዘቅን ተቀመጥን። ከአንዱ መስኮት መጋረጃ ገለጥ አለ፣ ከሌላውም። ጋሽ ተሰማ ፖሊስ ሳይጠሩብን እንነሣ ሲሉ እማማ ማርጋሬት በሌሊት ልብሳቸው ብቅ አሉ።

ነጠላዬን አዩና እጄን ያዙኝ። ጋሽ ተሰማ ነገሩን ለማለዘብ ከአየሩ ሊጀምሩ ነበር። እኔ አላስቻለኝም፤ ሞቷል አልኳቸው። ያቺን ቃል ከአፌ ሳወጣት የመጀመሪያዬ ነው።

ለካ ያውቁ ኖሯል። ስለ አንተ በጠየቁኝ ማግስት የሥራ ጓደኞችህ ነግረዋቸዋል። እኔ ከዚያ በኋላም ሀገር ቤት ነው ስላቸው ጊዜ፣ ይህቺ ልጅ ሐዘኑ አእምሮዋን ሊነካው ነው ብለው ደነገጡ። በየሳምንቱ የሚደውሉት ለካ የእኔን ደህንነት ለማወቅ ነው። አልተቃወሙኝም፣ የቤቱ ሥራ የት ደረሰ እያሉ አብረውኝ ዋሹ። እኔ ለልባቸው ስሳሳ እሳቸው ለእኔ ሲሳሱ ዓመቱ አለቀ።

በረንዳው ላይ ሦስታችንም አለቀስን። ከዚያ ጋሽ ተሰማ የፖሊሱን ፍርሃታቸውን ሲነግሯቸው እማማ ማርጋሬት እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። አጥሩን አዲሱ ሠራተኛ ሊያስተካክለው ሲል እሱማ ቅርስ ነው ብለው እንደከለከሉትም አጫወቱን። ሻይ ጠጥተን ፀሐይ ከወጣ በኋላ ተለያየን።

ስመለስ ስትሪትካሩ ውስጥ አንድ ነገር ገባኝ። ሀገር ቤት ነው ስላቸው ስላቸው፣ የፖስታ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር እኔም ካንተ ደብዳቤ እፈልግ ነበር። ዛሬ ከፈትኩት፤ ካንተ ምንም አልጠበቅኩም። አልቅሼ ስለወጣልኝ ይሆናል፣ ቀለል አለኝ።

እንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እማማ ማርጋሬት ዘንድ እሄዳለሁ። ከዚያች መስኮት ሥር ተቀምጠን ስምህን እናነሣለን። ቃሌ ነው ዓለሜ፣ ከእንግዲህ የማስታውስህ ሳልዋሽ ነው።

ያንተው አስቴር