የሊዲያ ትልልቅ ቁጥሮች

ማክሰኞ፣ ጁን 3፣ ከምሽቱ 12፡30
ከሆስፒታል ገባሁ። እዚህ ደቡብ አፍሪካ ክረምት ነው፤ የጆበርግ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ማሞቂያውን እግሬ ሥር አድርጌያለሁ። ልጄ ሊዲያ ዛሬም ቋንቋ እየፈጠረች ነው። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ የራሷ ፊደል አላት፣ የራሷ ቁጥር። እስከ ሺህ ደርሳ ከዚያ በላይ ቃል ቸገራት። ዙሉዎቹ ለሚሊዮን ኢሲጊዲ አላቸው፣ ት/ቤት ተምራዋለች። አማርኛስ አለችኝ። ሚሊዮን አልኳት። እሱማ የፈረንጅ ነው ብላ ሳቀችብኝ። እልፍ አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ስንት ነው? አለች። ብዙ! አልኩ። ዶክተር ተብዬ። ፈልጌ አገኘሁት፣ ለካ አሥር ሺህ ነው። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 5፣ ማታ
ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ጉድ ሆኛለሁ። ሊዲ ዱራሜ ላለችው እናቴ ደወለች። ስለ ቁጥር ሲያወሩ ቆዩና፣ አያቴ፣ ስንት ልጆች ወልደሻል ብላ ጠየቀቻት። እናቴ «ጌታ ያውቃል» ብላ ስልኩን ዘጋች።
እኛ አገር ልጅ አይቆጠርም። ከብትም አይቆጠርም። ከቆጠሩት ይቀነሳል ብለው ይፈራሉ። እናቴ ደግሞ ከወለደቻቸው ሦስቱን ቀብራለች። ሊዲን ማስጠንቀቅ የኔ ሥራ ነበር። ቀኑን ሙሉ እርጉዞችን ስንት ወልደሻል እያልኩ ካርድ ስሞላ ስለምውል፣ ነውርነቱ ከጭንቅላቴ ወጥቷል።

ዓርብ
እናቴ አታነሳም። አራቴ ሞከርኩ። ሊዲ እራት አልበላም አለች።

ቅዳሜ፣ ጁን 7፣ ረፋድ
አነሳች! ሊዲ እያለቀሰች ይቅርታ ጠየቀች። እናቴ አባበለቻት፤ ጥፋቱ የእናትሽ ነው፣ ስላላስተማረችሽ ብላ ወደኔ አዞረችው። እውነቷን ነው።
ሊዲ ወዲያው ደብተሯ ላይ ሕግ ጻፈች፦ በቋንቋዬ ሰው አይቆጠርም። ትንሽ አሰበችና፣ ማሚ፣ አንቺስ ስንት ወለድሽ? አለችኝ። አንድ፣ አንቺን፣ አልኳት። ቶሎ ነው ያልኩት። ለምጄዋለሁ።

እሑድ፣ ጁን 8፣ ከቸርች መልስ
ሁለት ናቸው። ከሊዲ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ዘጠኝ ቀን ኖረ። ናትናኤል ብለነው ነበር። ታካሚዎቼን የሞተባቸውንም ልጅ ጠይቄ እጽፋለሁ፤ የራሴን ፎርም ስሞላ አንድ ብዬ አልፋለሁ። እናቴ አንዱንም ላለማጣት ብላ አትቆጥርም። እኔ ቆጥሬ ልጄን ተውኩት። ይኸው ጻፍኩት።
ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። ዛሬ ወንድም እንደነበራት እንነግራታለን። የናትናኤልን ፎቶ ከሻንጣው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ሊዲ ሳህን እያጠበች ነው፣ ስትጨርስ እጠራታለሁ። ቧንቧውን ዘጋችው። እየመጣች ነው።