ብርቄና የልጆቹ ሸክላ

ጥቅምት 9፣ ማታ

ገብስ ስፈትግ ዋልሁ። ክንዴ ዝሏል፣ ማስታወሻዬ፣ ባጭሩ እጽፋለሁ።

ባሌ ጌታሁን ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት እንደገባ ግራማፎኑን ከቆጥ አወረደ። ክረምቱን አዲስ አበባ ሊማር ሄዶ ይዞት የመጣው ነው። እንደ ሰዓት ይሞላል። ያለን የልጆች ዘፈን ያለበት አንድ ሸክላ ነው። ዘፋኟ ማን ጮኸ ብላ ትጠይቅና ዝም ትላለች፤ መልሱ የኛ ነው። ጌታሁን እምቧ ይላል፣ ልጄ ደሴ እንደ ፍየል፣ አማቴ እማሆይ ጥሩ በኩታቸው ተከናንበው እንደ ዶሮ። ትንሿ ልጄ ብርቄም ትስቃለች። ግን ከሁላችን ኋላ ነው የምትጮኸው። አፍ አፋችንን ታያለች።

ጥቅምት 14

ጌታሁን ብርቄን መታት። ከኋላዋ ቆሞ ደጋግሞ ጠራት፤ ዞርም አላለች፣ ጠጠሯን ትጫወታለች። ገና በአራት ዓመቷ ናቀችኝ አለ። በጥፊ። ደንግጣ ዞር ዞር አለች፣ ከየት እንደመጣባት አላወቀችም።

እሱ ክረምቱን እዚህ አልነበረም። ኩፍኙ እንዴት እንዳነደዳት፣ ከጆሮዋ መግል ሲወርድ አላየም። እኔ አይቻለሁ። ትኩሳቱ ሲለቃት ዳነች ብዬ ተውሁት።

ጥቅምት 15፣ ጧት

ከኋላዋ ሄጄ የብረት ድስት ክዳን ድንጋይ ላይ ጣልሁ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። ብርቄ የዶሮዎቹን ሩጫ አይታ ሳቀች። ወደ ክዳኑ ግን አልዞረችም።

ለዛሬ ይብቃኝ።

ጥቅምት 16

ብርቄ እንደማትሰማ ለጌታሁን ነገርሁት። ተቆጣ። ከኛ ጋር ስትጮህ አታዪያትም ወይ አለ። ታየናለች እንጂ አትሰማንም አልሁት።

«ልጄን ደንቆሮ አትበያት!» ብሎ ወጣ። እራቱን ሳይበላ ተኛ።

እማሆይ ቤተ ልሔም ገዳም ወስጄ ጠበል ላስጠምቃት አሉ፣ ከዘውድ በዓል በኋላ። እሽ አልሁ።

ጥቅምት 23፣ የዘውድ በዓል

የከተማችን የአርብ ገበያ ሰው ከነልጁ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ጌታሁን ግራማፎኑን ጠረጴዛ ላይ አቆመው። ብርቄ ጀርባዋን ሰጥታ ውሻ ታያለች። ዘፈኑ ሲጀምር የሕፃኑ ሁሉ ራስ ዞረ። የእሷ አልዞረም።

ጌታሁን አየ። ሰው ያጨበጭባል፣ ይስቃል፤ እሱ ቆሞ ቀረ።

ቤት ስንገባ የመታበትን እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተቀመጠ። ቆይቶ ግራማፎኑን በጨርቅ አስሮ ቆጡ ላይ ሰቀለው። እሷ የማትሰማውን ማናችንም አንሰማም አለ። ደግ አልሁ። እኔም ጠልቼዋለሁ።

ኅዳር 1

እማሆይና ብርቄ ከጠበል ተመለሱ። ለውጥ የለም። ጌታሁን እንዳይነግሩት ፈርቶ ደጅ ቆመ። እማሆይ ግን አልተማረሩም።

«ጠበሉም ሐኪሙም የእግዜር ነው። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ውሰዷት» አሉት።

ሄዶ በቅሎ ተዋሰ።

ኅዳር 2፣ ማታ

ነገ መንገድ ነው። ስንቁ ተቋጥሯል። ቤቱ ጭር ብሏል፣ ሁሉም በየጥጉ።

ብርቄ ወደ ቆጡ ጠቆመች። ማንም ላውርደው ብሎ አልተነሣም። ሄዳ እማሆይን በኩታቸው ጎትታ መደቡ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ደሴን። ከዚያ አባቷን፣ ያንኑ የመታትን እጁን ይዛ። እኔንም። ራሷ መሀል ቆመች።

«ጩሁ!» አለች። ድምጿ ከሕመሙ ወዲህ ልክ የለውም።

ማንም አልጮኸም። ተራ በተራ አየችን። ፊቷ ተጨማደደ። ምን ጥፋት አጠፋሁ የምትል ትመስላለች። ጌታሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ለእሷ ብለን ነበር ግራማፎኑን የሰቀልነው። እሷ ግን የወደደችው ዘፈኑን አልነበረም፤ አጠገቧ ተሰብስበን መሳቃችንን ነው። ያንን ቀማናት።

ሐኪሙ ምን እንደሚል አላውቅም። እፈራለሁ። ላውርደው ወይ ብዬ ጌታሁንን ጠየቅሁት፤ በእጁ ተይ አለኝ።

ይቆጣ። ብዕሬን ላስቀምጥና ላውርደው።