ተቅማጥን በግለ ሂስ ስለሚያክሙት ሊቀመንበር

አዋሳ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሸዋንግዛው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ሆድዎም የረጋ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በቀበሌያችን ሆዱ የረጋ ሰው እየተመናመነ ነውና ምኞቴን አይናቁብኝ።

ባለፈው እሑድ ሕፃናቱን አዳራሽ ሰብስበው ስለ ወረርሽኙ ስላስተማሩልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር፣ ልጅን ከማስፈራራት የሚሻል ትምህርት አለ ብዬ በከንቱ ደክሜአለሁ። ይሁን እንጂ ጥቂት ነገሮችን በትሕትና ላሳስብ።

፩. ኮሌራ የሚለውን ቃል ያነሳ ልጅ አሉባልታ ነዢ ነው ብለዋል። በሽታው ግን ስሙ ስላልተጠራ ቅር ብሎት አልሄደም።

፪. የታመመ ልጅ በጉባኤ ፊት ግለ ሂስ ያደርጋል ብለው፣ የስምንት ዓመቷን ታቢታን ገና ጉልበቷ ሳይጸና አቁመው፣ የሐይቁን ውሃ መጠጣቷን በሃምሳ ልጆች ፊት አናዘዟት። ልጆቹ ትምህርቱን በሚገባ ቀስመዋል፤ በማግስቱ አመመኝ ያለ አንድም ልጅ አልተገኘም። ሁሉም ከአጥር ጀርባ ነበሩ።

፫. በሁለት ሰዓት ንግግርዎ ውስጥ ውሃ አፍልቶ ስለ መጠጣት፣ ከኅብረት ሱቃችን ከጠፋ ወር ስላለፈው ሳሙና፣ ሆዱን ያመመው ልጅም ወዲያው ለእናቱ መናገር ስላለበት አንዲት ቃል አልሰማሁም። ለዚህ ሦስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ተቅማጡን ሁለት ቀን የደበቀ ልጅ ሦስተኛውን ላያይ ይችላል።

ስለዚህ በመጪው እሑድ እነዚያኑ ልጆች ሰብስበው መታመም ጥፋት እንዳልሆነ እንዲነግሩልኝ እለምናለሁ። ብቻዎን መቆሙ ካሳፈረዎ ከጎንዎ እቆማለሁ።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ንግግርዎ እንዲያጥር እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ጸሐይወርቅ ወልደአማኑኤል
ጡረተኛ መምህርት

ማስታወሻ፦ ልጅዎ ብዙነሽ፣ ቱላ በምትኖረው አክስቷ ዘንድ መሰንበቷን ባለቤትዎ ነግረዎታል። የሰነበተችው ጤና ጣቢያ፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላት ነው። ሕመሟን ሁለት ቀን ከእርስዎ ደብቃ፣ በሦስተኛው ደጃፌ ላይ ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድናለች፤ ሌሎቹ ልጆች እንዳይደብቁ ብላም ስሟን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ወደ ቤቷ ከመመለሷ በፊት ያቀረበችልኝን ጥያቄ ግን መመለስ ስላቃተኝ ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ፦ ግለ ሂሷን የምታቀርበው ቆማ ነው ወይስ፣ ጉልበቷ ገና ስላልጸና፣ መቀመጥ ይፈቀድላታል?